ከማኅደር ወደ ንባብ አዳራሽ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአገራችን

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ «ቤት» የሚለው ቃል ሰፊ ቦታ አለው። ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን የሚደግም ሕፃን ንባብ ቤት ገባ ይባላል፤ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም መጽሐፍ ቤት ይከተላል። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው ስም ባዕድ ሰውን ሊያሳስት ይችላል። መጽሐፍ ቤት መጻሕፍት የተደረደሩበት ቤት አይደለም፤ የብሉያት፣ የሐዲሳት፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት ትርጓሜ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚተላለፍበት ጉባኤ ነው። መጻሕፍቱ ራሳቸው የሚቀመጡት በሌላ ስፍራ፣ ከመስቀሉ፣ ከጽናጽሉና ከካባው ጋር፣ በዕቃ ቤት ነበር። በቆዳ ማኅደር ተሸጉጠው በግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ወይም በሣጥን ይቆለፋሉ። ቁልፉም በዕቃ ቤቱ ጠባቂ እጅ ነው።

ይህ ልዩነት የስም ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። ዕውቀት በኅብረተሰቡ መካከል እንዴት ተከፋፍሎ እንደ ኖረ የሚያሳይ ነው። መጽሐፍ በኢትዮጵያ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በሳይንሳዊ ዘዴ ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ሆኖም መጽሐፍ መኖሩና አንባቢ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰፊው ሕዝብ መጽሐፍን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ስንክሳሩ ሲነበብ፣ ተአምረ ማርያም ሲነበብ፣ የጻድቁ ገድል በወርኃዊ በዓሉ ሲነበብ በአክብሮት ቆሞ ይሰማል፤ ገጹን ግን አያይም፤ ቢያይም ቋንቋው ግዕዝ ነውና ከካህኑ ትርጓሜ ውጭ መድረሻ የለውም።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የካህናት ንፍገት ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ታሪክን ማቃለል ይሆናል። የምርት ጉዳይ አለበት። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ ብራና ከሆነ በኋላ ለትልቅ መጽሐፍ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው፤ አንድ ትልቅ ወንጌል ብዙ አሥር እንስሳትን ያስጨርሳል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከዕፀዋት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ ቁም ጸሐፊው ወራት ተቀምጦ ይጽፋል። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ንብረት ለመጣ ለሄደው አይሰጥም። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን፣ የፋቀውንና ከደብሩ ያወጣውን የሚያወግዝ ቃል መጻፉ ከዚህ የመነጨ ነው። ያ ውግዘት በዘመናዊ ቋንቋ ቢተረጎም የቤተ መጻሕፍት ደንብ መሆኑ ነው፤ ቅጣቱ ግን ከገንዘብ እጅግ የከበደ ነበር። በሐረር፣ በወሎና በጅማ ዐረብኛ መጻሕፍትን፣ በዐረብኛ ፊደልም የአገሩን ቋንቋ የሚጽፉ ሊቃውንት ዘንድ የነበረው ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሐረር ጠራዦች ሙያ ዛሬም በከተማዋ በሸሪፍ ሙዚየም በተሰበሰቡት ጥራዞች ላይ በዐይን ይታያል።

መጻሕፍትን በአንድ ማዕከል ለመሰብሰብ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የመቅደላው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይሆን ዘንድ ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት ወደ ሺህ ይደርሱ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰዱ መሆናቸው ነው። በኃይል የተሰበሰበው ክምችት በ1860 ዓ.ም በሌላ ኃይል ተበተነ። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣ ባለሙያ ነበረ፤ ወደ 350 የሚጠጉ ጥራዞችም ያን ሙዚየም ገቡ። በ1864 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በጠየቁ ጊዜ ሙዚየሙ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። የቀረው እዚያው ቀረ፤ ዛሬ የሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ጀምስ ብሩስ የወሰዳቸውን የሄኖክ ቅጂዎች፣ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸውንና በፓሪስ የሚገኙትን መጻሕፍት፣ በ1920ዎቹ ማርሴል ግሪዮል የመራው ጓድ ከጎንደር የጫነውን ሁሉ ብንጨምር የኢትዮጵያን መጻሕፍት ለማንበብ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ለረጅም ጊዜ ፓስፖርት የሚያስፈልገው ሰው እንደ ነበር እንረዳለን።

የኅትመት መምጣት ይህን ሁኔታ ከሥሩ የሚለውጥ መስሎ ነበር። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም በሮም ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከአንባቢዎቹ አገር ርቆ መወለዱ የዘመኑን ሁኔታ ይናገራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገር ውስጥ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር በ1904 ዓ.ም አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም ደግሞ አስፍተው አወጡት። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ተገቢውን ምስጋና ያላገኘው ይህ ነው። የመጻሕፍት ዝርዝር ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ምን እንዳለው ሳያውቅ ቤተ መጻሕፍት ሊያቆም አይችልም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም ተቋቁሞ በ1917 ዓ.ም በስሙ የሚጠራውን ጋዜጣ ማተም ጀመረ። የሚታተመው ቁጥር ትንሽ፣ የሚያነበውም ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ ፋሺስት ኢጣሊያ መጣና አምስቱ ዓመታት የተማረውን ትውልድ አጨዱት።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተባለ። ሕዝቡ ግን ስሙን አሳጥሮ «ወመዘክር» ይለዋል። የግዕዙ «ወ» «እና» ማለት ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ሲጠቅስ የኖረው የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ጥሎ «እና መታሰቢያ» እያለ ነው። ሰዋስው አዋቂ ሊስቅ ይችላል፤ ዳሩ ግን ሕዝብ አንድን ተቋም በቁልምጫ ስም መጥራት ሲጀምር የራሱ አድርጎታል ማለት ነው። ይህን ቤት ከመሩት መካከል ደራሲው ከበደ ሚካኤል ይገኛሉ። ወመዘክር ከቀደመው የዕቃ ቤት ሥርዓት የተለየበት ዋናው ነገር የመጻሕፍቱ ብዛት አልነበረም፤ ብዙ ገዳማት የሚኮሩበት ክምችት ነበራቸው። ልዩነቱ በር ላይ ነው። ገቢው ማን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ደብር እንደ መጣ፣ ማዕርጉ ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ተቀምጦ ማንበብ የሚችልበት ቤት መሆኑ ነው።

ሰው ቤቱ ተቀምጦ ማንበብ እየቻለ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምን ይሄዳል? ብዙዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የመጽሐፍ ዋጋ መናር ነው። እውነት ነው፤ መምህር በደመወዙ የሚያነበውን ሁሉ ገዝቶ ሊዘልቀው አይችልም። ነገር ግን ዋጋው ቢረክስ እንኳ የሚቀር ደስታ አለ። በመጀመሪያ የካርድ ካታሎጉን እንውሰድ። በየመሳቢያው ውስጥ በሽቦ የተሰካውን ካርድ በጣት እየገፋ የሚፈልግ አንባቢ አንድ መጽሐፍ ፈልጎ መጥቶ ሦስት ሌላ ያገኛል። የፊደላችን ጠባይ ደግሞ ይህን ፍለጋ ያወሳስበዋል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በጸሎተ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በአፍ አንድ ሆነው በመሳቢያ ግን ይለያያሉ። ሠራተኛው በአንዱ አስገብቶት አንባቢው በሌላው ቢፈልገው መጽሐፉ ቤቱ ውስጥ እያለ የለም ይባላል። በስምም በኩል ችግሩ ያው ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይጠራም፤ በውጭ አገር ካታሎጎች ግን ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ስር መፈለግ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሙያ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ የሚገባው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያየ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደስታ የአሮጌ ጋዜጣ ነው። ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ የወጣው «አዲስ ዘመን» በየዓመቱ ተጠርዞ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ወረቀቱ ወይቧል፣ ጠርዙ ይሰበራል፤ አንባቢው ግን በአንድ ገጽ ላይ የንጉሡን ጉብኝት፣ የጠፋ በቅሎ ማስታወቂያ፣ የትያትር ዜናና የፍርድ ቤት ጥሪ ጎን ለጎን ያገኛል። የታሪክ መጽሐፍ እነዚህን ለያይቶ በየምዕራፉ ያስቀምጣቸዋል፤ ሕይወት ግን እንዲህ ተደባልቃ ነበር የምትኖረው። የትያትር አዘጋጅ፣ ሠዓሊ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ የዘመንን ልብስና አነጋገር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አያገኝም። ይህንንም ማንም ቤቱ አያኖረውም።

ሦስተኛው በቃል ለመግለጽ ያዳግታል፤ ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር ዝም ብሎ የማንበብ ደስታ ነው። ከፊት ለፊት አንዲት ተማሪ የኬሚስትሪ ቀመር ትገለብጣለች፤ ከጎን አንድ ሽማግሌ በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር አድርገው ሕግ ያነባሉ፤ ምናልባትም የርስት ክርክር አለባቸው። ማንም ለማንም አይናገርም። በባሕላችን ሰው በተሰበሰበበት ዝም ማለት የለቅሶ ወይም የጸሎት ምልክት ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛውን ዓይነት ዝምታ አስተማረን።

ይህ ሁሉ ግን ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ከማይምነት ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይቻልም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ እየቆየ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሄደ። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። መንግሥት በየጊዜው ያወጣቸው ከማይምነት የተላቀቁ ሰዎች አኃዞች ምን ያህል እንደሚታመኑ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ትምህርቱ በግዴታና በቀበሌ ቁጥጥር የተሰጠበት ቦታም ጥቂት እንዳልነበረ አይካድም። ቢሆንም በዛፍ ጥላ ስር ከልጆቻቸው ጋር ፊደል የቆጠሩ እናቶች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ስማቸውን በጣት አሻራ ፋንታ በእጃቸው የፈረሙበት ቀን በሕይወታቸው ምን ያህል ትልቅ ቀን እንደ ነበር ራሳቸው ሲያወሩት ይሰማል።

ችግሩ የመጣው ከማግስቱ ነው። ፊደል የለየ ገበሬ የሚያነበው ካላገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማረውን ይረሳዋል። ዕውቀቱ እንደ እርሻ መሬት ነው፤ ካልታረሰ አረም ይውጠዋል። ይህን በመገንዘብ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች እንዲቋቋሙ ተደረገ። ሕዝቡ እንጨቱን ቆርጦ፣ ጭቃውን አቡክቶ፣ ጣራውን ከድኖ ሠራቸው። የንባብ ቤት የሚለው ጥንታዊ ስም አዲስ ትርጉም አግኝቶ ወደ ገጠር ተመለሰ። በመደርደሪያው ላይ የተቀመጡት ግን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ርዕዮተ ዓለም የተጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍት ነበሩ። መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠቃሚ ናቸው፤ ሦስተኛውን ገበሬው አንድ ጊዜ ካነበበው ሁለተኛ አላነሣውም። ተረት፣ ታሪክ፣ ልብ ወለድ፣ ቀልድ እምብዛም አልነበረም። ሰው ማንበብን የሚያዘወትረው ሲደሰትበት መሆኑ ተዘነጋ። ጦርነቱና የ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ከመጡ በኋላ ብዙዎቹ የንባብ ቤቶች ተዘግተው ወይም ለሌላ አገልግሎት ውለው ቀሩ። ጣራቸው ሳይፈርስ አንባቢያቸው ቀድሞ መሄዱን ግን ለጦርነቱ ብቻ ማላከክ አይቻልም።

ስለ መደርደሪያ ስናነሣ ከመደርደሪያ ስለ ተወገዱትም መናገር ይገባል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም ታትሞ ታገደ። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ተገልብጦ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያን ጊዜ እውነተኛው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሰዉ ብብት ነበር። በሁለቱም ሥርዓቶች ሳንሱሩ ያልተረዳው ነገር አንባቢ የተከለከለውን መጽሐፍ ከተፈቀደው ይልቅ በጥንቃቄ እንደሚያነበው ነው።

ሰውም ከቤተ መጻሕፍቱ የሚለይበት ጊዜ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በየገዳማቱና በየደብሩ እየተዞረ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በኮሌጅቪል የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም ቤታቸው በወታደሮች በተጠቃ ጊዜ በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ሆነ። ከዚያም ወደ ሚኒሶታ ሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013 ዓ.ም፣ ከሥራው አልተለዩም። በአካል ሊረግጡት ያልቻሉትን ገዳም ዕቃ ቤት በፊልም ገቡበት። ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ከመጽሐፉ ይልቅ ታማኝ ምስክር ሆነዋል፤ በጦርነት፣ በስርቆትና በእሳት የጠፋ ጥራዝ አለና።

በአገር ውስጥ የወመዘክር ሥልጣንና ተግባር በ1991 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 179 እንደ አዲስ ተደንግጎ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በአንድ ተቋም ሥር ሆኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከክምችቱ 12 ቅርሶች በዩኔስኮ የዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ገብተዋል። ለሕፃናት ግን ከሕፃናት መንደር የተነሣ ሌላ ጥረት አስፈልጓል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ይህ ቁጭት በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት ምክንያት ሆነ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። አህያ በአገራችን ውኃ፣ እህልና ማገዶ ስትሸከም ኖራለች፤ መጽሐፍ ስትጎትት ያዩ ልጆች ከኋላዋ መሮጣቸው አያስደንቅም። ከወመዘክር ትልቅ አዳራሽ ይልቅ ይህች ጋሪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ሐሳብ አጥብቃ የያዘች ይመስለኛል፤ አንባቢ እስኪመጣ አልጠበቀችምና።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በስፋቱ በአገሪቱ ከዚህ በፊት ከታየው ሁሉ ይበልጣል። በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ሰው ያስተናግዳል፤ ከመደርደሪያው የተቀመጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ግለሰቦችና ድርጅቶች የለገሷቸው ናቸው። ጠዋት በሩ ላይ ወጣቶች ይሰለፋሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ነገር ዐይን ይይዛል፤ ከተቀመጡት ብዙዎቹ የሚያነቡት ከቦርሳቸው ያወጡትን የትምህርት ቤት ደብተርና ሞዱል ነው፤ መደርደሪያው ከጀርባቸው ቆሟል። ይህንን አይተው የሚያማርሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ቤቱ አንድ ክፍል ለሆነበት፣ መብራት ለሚጠፋበትና ቴሌቪዥን ለሚጮኽበት ተማሪ ጸጥ ያለ ወንበርና የማይቋረጥ ብርሃን ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው። ከፈተናው በኋላ፣ ሞዱሉን ዘግቶ አንገቱን ሲያቀና፣ ዘወር ብሎ ከጀርባው ያለውን የአንዱን መጽሐፍ ጀርባ የሚያነብበት ደቂቃ ይመጣል። በዚያች ደቂቃ እጁን የሚሰድበት መደርደሪያ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በወላይትኛ ምን ተቀምጦለታል የሚለው ጥያቄ የመጻሕፍት መራጮችን፣ የደራስያንንና የአሳታሚዎችን መልስ ይጠብቃል። ከአራት ኪሎ ውጭ ባሉት ወረዳዎች ደግሞ ጥያቄው ገና ወንበሩ ላይ ነው።